ከአቬንጀርስ በፊት ዓድዋ

ሰቆጣ ያለው የእህቴ ልጅ መደቡ ላይ የላስቲክ ጀግኖቹን ደርድሯል፤ አይረን ማን፣ ቶር፣ ሀልክ። ምን ልደብቃችሁ፣ እኔም እወዳቸዋለሁ። በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣውን «አቬንጀርስ» ስንቴ አይቸዋለሁ! ጣዕሙ ከጡንቻው አይደለም፤ ሲናቆሩ የነበሩ ሰዎች የክፉ ቀን ሲመጣ አብረው መቆማቸው ነው።

ይህንን ግን እኛ ቀድመን አውቀነዋል። በ1874 ዓ.ም. እንባቦ ላይ ምኒልክን የገጠሙት የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት፣ በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ከጎናቸው ተሰለፉ። እስከ 1886 ዓ.ም. ለምኒልክ ሳይገቡ የቆዩት የትግራዩ ራስ መንገሻም ከነራስ አሉላ መጡ። የዚሁ የዋግ ሰው፣ ዋግሹም ጓንጉልም ነበሩ። ቂሙ ጠፍቶ አይደለም፤ አገር በልጦባቸው እንጂ።

ይህን ስተርክለት ልጁ፣ «ጋሼ፣ የዋግሹሙ አሻንጉሊት የት ይሸጣል?» አለኝ። መልስ አጣሁ። ጣልያን በ1937 እ.ኤ.አ. የዋጉን አርበኛ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደን ገድሎ አንገታቸውን ቆርጧል። ጠላት ያንን ፊት ለማስፈራሪያ ፈለገው፤ እኛ ግን ለልጅ መጫወቻ እንኳ አልቀረጽነውም።

ቶርን አልነጠቅሁትም። ልጁ ራሱ ገፋ አደረገውና ቦታ ለቀቀ፤ «ይኼ የዋግሹሙ ነው» አለኝ። ቦታው እስካሁን ባዶ ነው። ማን ይሙላው?