የሸማ ጉድለትና የገዢ መብት፦ ከእንጦጦ ግርጌ እስከ ሾላ ገበያ

ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ ከሽሮ ሜዳ አንሥቶ በየካ ክፍለ ከተማ እስከሚገኘው ሾላ ገበያ ድረስ ባሉት የልብስ ሱቆች “የተሸጠ ዕቃ አይመለስም” የሚል ማሳሰቢያ በግድግዳ ተለጥፎ ወይም በደረሰኝ ግርጌ ታትሞ ማየት የተለመደ ነው። ማሳሰቢያው ከጥንት የወረደ የገበያ ሥርዓት ይመስላል። ሆኖም የአካባቢው የልብስ ሥራና ንግድ ታሪክ ሲመረመር፣ ጉድለት የተገኘበትን ልብስ ወደ ሠሪው መልሶ ማስተካከል ለረጅም ዘመን የሥራው አካል እንደነበረ፣ ክልከላው የጠነከረውም ልብሱን የሚሠራውና የሚለብሰው ሰው እርስ በርስ መተዋወቃቸው ከቀረ በኋላ እንደሆነ ለመረዳት ይቻላል።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1870ዎቹ መቀመጫቸውን በእንጦጦ ጋራ ላይ አድርገው፣ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ በጫኑበት ጊዜ፣ ቤተ መንግሥቱንና ሠራዊቱን ተከትሎ የሚኖረው ሕዝብ ብዙ ልብስ ይፈልግ ነበር። ከተማው ከጋራው ወርዶ አዲስ አበባ ከተቆረቆረች በኋላ፣ በተለይም ከዐድዋ ድል ወዲህ የእንግሊዝና የፈረንሳይ ሌጋሲዮኖች፣ ማለትም የመልእክተኞቻቸው ጽሕፈት ቤትና መኖሪያ፣ በምሥራቁ በኩል ሲሠሩ፣ ዛሬም “ፈረንሳይ ሌጋሲዮን” የሚባለውን ሰፈር የመሰሉ አዳዲስ መንደሮች በየካና በአካባቢው ተስፋፉ። ከደቡቡ የጋሞ ደጋ፣ በተለይም ከጨንቻ አካባቢ፣ የመጡት የዶርዜ ሸማኔዎች ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ወደ ዋና ከተማዋ እየፈለሱ በእንጦጦ ግርጌ በብዛት ሰፈሩ። ሽሮ ሜዳ በዛሬው አከላለል የጉለሌ ክፍለ ከተማ ይሁን እንጂ፣ የሸማኔው መንደርና የየካ ነዋሪ የአንዱ ተራራ ጎረቤታሞች በመሆናቸው የልብስ ታሪካቸው ተለያይቶ ሊጻፍ አይችልም።

በዚያ ዘመን ሸማ የሚገኝበት ዋናው መንገድ ትእዛዝ እንጂ ከሱቅ መግዛት አልነበረም። ጥጡ ፍሬው ወጥቶለት፣ በደጋን ተነድፎ ባዘቶ ከሆነ በኋላ፣ የቤት እመቤቶች በእንዝርት እየፈተሉ ፈትሉን ያዘጋጁ ነበር። ከድሃ ጎጆ እስከ መኳንንት እልፍኝ ድረስ መፍተል የሴቶች ሙያ ነበርና ፈትሉ የባለቤቲቱ ድካም ያለበት ሀብቷ ነው። ሸማኔው ይህን ፈትል ተቀብሎ፣ በርዝመት የሚዘረጋውን ድር እና በመወርወሪያ እየተላለፈ በወርድ የሚገባውን ማግ አዋሕዶ፣ እግሩን ከጉድጓድ ከትቶ በሚሠራበት መሸመኛ ላይ ልብሱን ይሸምናል። ሁለት ድርብ የሆነው ነጠላ፣ አራት ድርብ የሆነው ጋቢ፣ ከእነዚህም የሚከብደው ቡልኮ የየራሳቸው የፈትል መጠን ስለሚጠይቁ፣ ፈትሉን የሰጠችው ሴት ምን ያህል እንዳስረከበችና ምን ያህል ጨርቅ መቀበል እንዳለባት አስቀድማ ታውቃለች።

ከዚህ አሠራር የተነሣ ሸማኔው የሚሸጠው ጉልበቱንና ጥበቡን ብቻ ስለነበረ፣ በሁለቱ መካከል የሚነሣው ክርክር የገዢና የሻጭ ክርክር አልነበረም። ልብሱ ቢሳሳ፣ ድሩ ቢላላ፣ የዳር ጌጡ የሆነው ጥለት ቢጣመም ወይም ፈትሉ ቢጎድል፣ ዕቃው ቀድሞም የባለፈትሏ ስለነበረ “መልሰሽ ውሰጂ፣ አልመልስም” የሚያሰኝ ነገር የለም። መፍትሔው እንደገና መሥራት፣ የጎደለውን መተካት ወይም ከድካም ዋጋው መቀነስ ነው። ሸማኔው በሰፈር የሚታወቅ፣ ቀጣዩም ሥራ ከዚያው ቤት የሚጠበቅ በመሆኑ፣ ደንበኛን ላለማጣት ያለው ስጋት ሕግ በሌለበት ቦታ የዋስትናን ሥራ ይሠራ ነበር። ይሁን እንጂ ይህ ግንኙነት በእኩዮች መካከል የተመሠረተ ነበር ማለት አይደለም። ሸማኔ፣ ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ በእጅ ሥራቸው ምክንያት ይናቁ ስለነበረ፣ ክርክር ሲነሣ የሸማኔው ቃል ከባለፈትሏ ቃል እኩል ሚዛን ያገኝ ነበር ብሎ ማሰብ ያስቸግራል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያዎችን በሥራቸው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸውም ንቀቱ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበር ያሳያል።

በአንጻሩ ልብስ ዕቃ ሆኖ ይሸጥ የነበረው በአራዳው ገበያ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነው። በዚያ የሕንድ፣ የዐረብ፣ የአርመንና የግሪክ ነጋዴዎች ከውጭ ያስገቡትን ጨርቅ ሲሸጡ፣ ከሁሉ ይበልጥ የሚፈለገው ከአሜሪካ የሚመጣው ያልነጣ የጥጥ ጨርቅ፣ አቡጀዲ፣ ነበር። የአሜሪካው መልእክተኛ ሮበርት ስኪነር በ1896 ዓ.ም. አዲስ አበባ መጥቶ ከምኒልክ ጋር የንግድ ውል በተፈራረመ ጊዜ፣ አገሩ ልትጠብቀው የፈለገችው ዋነኛ ጥቅም ይኸው የጥጥ ጨርቅ ንግድ ነበር፤ በ1920ዎቹ ግን ርካሹ የጃፓን ጨርቅ ቦታውን ወሰደ። ይህ ጨርቅ በጣቃ፣ ማለትም በትልቅ ጥቅል፣ ገብቶ በክንድ እየተለካ ይቆረጣል። አንድ ጊዜ የተቆረጠ ጨርቅ ወደ ጣቃው ተመልሶ ሊቀጠል ስለማይችል፣ ነጋዴው ከመቆረጡ በፊት እንዲታይ፣ እንዲዳሰስና ወደ ብርሃን ተይዞ እንዲመረመር ይፈቅዳል፤ መቀስ ካረፈበት በኋላ ግን ግዢው ያለቀ ይሆናል። የማይመለስ ሽያጭ በልብስ ንግድ ውስጥ አሳማኝ ምክንያት ያገኘው በዚህ መልክ ሲሆን፣ ምክንያቱም የዕቃው ጠባይ እንጂ የነጋዴው ክፋት አልነበረም።

የገበያ ጠብ ሲነሣ የሚዳኘው ነጋድራሱ፣ ማለትም ቀረጥ የሚያስገባና የነጋዴዎች አለቃ የሆነው ሹም፣ ነበር። ከዚያም በላይ በቤተ ክርስቲያንና በቤተ መንግሥት የተከበረው ፍትሐ ነገሥት አለ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን በግብፅ በዐረብኛ ተዘጋጅቶ ኋላ ወደ ግእዝ የተመለሰው ይህ የሕግ መጽሐፍ ስለ መሸጥና ስለ መግዛት የሚደነግግ ክፍል አለው። ነገር ግን መጽሐፉ ለሊቃውንትና ለከፍተኛ ዳኞች የቀረበውን ያህል ለአንድ ነጠላ ገዢ የቀረበ አልነበረምና፣ የዕለት ተዕለቱ ጥበቃ በገዢዋ ዐይንና እጅ ላይ የወደቀ ነበር።

ሁለቱ መንገዶች፣ የትእዛዝ ሥራና የገበያ ሽያጭ፣ መደባለቅ የጀመሩት የፋብሪካ ክር ሲበዛ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን ዋናው ገበያ ከአራዳ ወደ መርካቶ ሲዛወር፣ በድሬዳዋ የጥጥ ፋብሪካ ተቋቋመ፤ ከነጻነት በኋላም የአቃቂና በ1953 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ተከተሉ። ሸማኔው ድሩን ከገበያ ገዝቶ በራሱ ገንዘብ መሸመን ሲችል፣ ልብሱ ገና ባለቤት ሳይኖረው ይሠራና በሱቅ በኩል ገዢ ይፈለግለታል። በሽሮ ሜዳ መንገድ ዳርና ዳር የተደረደሩት የሀገር ልብስ ሱቆች የዚህ ለውጥ ውጤት ናቸው። ከዚህ በኋላ ገዢዋ የምታውቀው ባለሱቁን ሲሆን፣ ባለሱቁም ልብሱን ከብዙ ሸማኔዎች ስለሚሰበስብ፣ ጉድለቱ የማን እንደሆነ ለመለየት እርሱም ይቸገራል። የማይመለስ ሽያጭ ለጣቃ ጨርቅ ከነበረው አሳማኝ ምክንያት ተላቅቆ ለተሸመነና ለተሰፋ ልብስ ሁሉ የተዘረጋው በዚህ መካከል ነው።

ሕጉ ግን በሌላ አቅጣጫ ሄደ። ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀውና በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 2287 ጀምሮ ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ዋስትና እንዲሰጥ ያስገድዳል። ዋስትናው ገደብ አለው። ጉድለቱ ለማንም ግልጽ ከነበረ ወይም ገዢው እያወቀ ከገዛ ሻጩ አይጠየቅም፤ ገዢውም ዕቃውን ሲረከብ መመርመርና ጉድለት ሲያገኝ ሳይዘገይ ማስታወቅ አለበት። ሻጭና ገዢ ዋስትናውን በውል ሊያጠብቡት ቢችሉም፣ ሻጩ ጉድለቱን እያወቀ በማታለል ከደበቀ እንዲህ ያለው ስምምነት ዋጋ የለውም። እንግዲህ የግድግዳው ማሳሰቢያ ብቻውን ሁሉን ነገር የሚቆርጥ ቃል እንዳልሆነ ሕጉ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ግልጽ ነበር።

ይህ በግልጽና በስውር ጉድለት መካከል ያለው ልዩነት ከሌላው ዕቃ ይልቅ በልብስ ላይ ከባድ ጥያቄ ያስነሣል። የተቋጠረ ክር፣ የሳሳ ቦታ ወይም የተዛነፈ ስፌት በብርሃን ይታያል። የጥለቱ ቀለም ወደ ነጩ ጨርቅ መልቀቁ፣ ጨርቁ ሲታጠብ ማጠሩ ወይም ስፌቱ ሲለበስ መተርተሩ ግን ልብሱ ሥራ ላይ ሳይውል አይታወቅም። ቀድሞ በእጅ ተፈትሎ ነጭ ሆኖ የሚሸመነው ጋቢ ያለውን ሁሉ ለዐይን ያሳይ ነበር፤ ባለ ብዙ ቀለም ክር፣ ሰው ሠራሽ ጭረትና የፋብሪካ ቀለም ሲገቡ ግን የመጀመሪያው መልበስና የመጀመሪያው እጥበት ዋነኛው ምርመራ ሆኑ። ከለበሱ በኋላ መመለስ ገዢን እንደ ተንኮለኛ የሚያስቆጥር ቢመስልም፣ በእንዲህ ያለው ልብስ ላይ ጉድለቱን ለማግኘት ሌላ መንገድ የለም። ነጋዴውም በበኩሉ ያለ ምክንያት አይጠራጠርም፤ ለአንድ በዓል ተለብሶ በማግስቱ “አልወደድኩትም” ተብሎ የሚመጣ ልብስ ዋጋውን አጥቷልና።

የበዓሉ ነገር በዚህ አካባቢ የተለየ ክብደት አለው። “ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ” የሚለው ተረት እንደሚያሳየው፣ የሀገር ልብስ ፍላጎት በዓመቱ ጥቂት ቀናት ላይ ይከማቻል። ሸማኔውና ልብስ ሰፊው በጥድፊያ ይሠራሉ፤ ቀሚሱ በዋዜማው ይደርሳል፤ ገዢዋም በማግስቱ ትለብሰዋለች። ቀስ ብሎ የመመርመሩ ጊዜ ስለሚጠፋ ቅሬታው የሚመጣው ከበዓሉ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜም ልብሱ ያረጀው በጉድለት ይሁን በአለባበስ ለመለየት ያስቸግራል።

ክርክሩን ይበልጥ የዘጋው የልባሽ ጨርቅ ገበያ ነው። “ሰልባጅ” የሚባለው ይህ የውጭ አሮጌ ልብስ ወደ ሀገር እንዳይገባ የተከለከለ ቢሆንም፣ በከተማው ገበያዎች ሲሸጥ ኖሯል። አስቀድሞ የተለበሰ በመሆኑ ጉድለቱ የዋጋው አካል ነው፤ ሻጩም ደረሰኝ አይሰጥም። በዚህ ገበያ የለመደ ገዢ ከአዲስ ልብስ ሱቅም ብዙ መጠየቅ አይቀናውም።

በ2002 ዓ.ም. የወጣው የንግድ አሠራርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 685፣ እርሱንም የተካው አዋጅ ቁጥር 813/2006፣ ሸማችን ከሌላው ገዢ ለይተው ጥበቃ ሰጡት። “ሸማች” ማለት ለራሱ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ እንጂ መልሶ ለመሸጥ የማይገዛ ሰው ነው። በአዋጅ ቁጥር 813 መሠረት፣ የገዛው ዕቃ ጉድለት ያለበት ሆኖ ያገኘ ሸማች ከገዛበት ቀን አንሥቶ በ15 ቀናት ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ዋጋው እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። 15 ቀን ለአንድ ቀሚስ ተለብሶ አንድ ጊዜ ለመታጠብ የሚበቃ ጊዜ ነውና፣ ሕጉ ከልብስ ጠባይ ጋር ይስማማል። መብቱ ግን በጉድለት ላይ የተመሠረተ እንጂ ሐሳብ በመለወጥ ላይ የቆመ አይደለም፤ ለባሹ በራሱ ያደረሰውን መቀደድና መቆሸሽም አይሸፍንም። መቼና ከማን እንደተገዛ የሚያስረዳው ደረሰኝ ነውና፣ በድርድር ዋጋ ያለ ደረሰኝ በሚፈጸም ግዢ መብቱ በተግባር ይመነምናል።

በሌላ በኩል በሽሮ ሜዳ የጥንቱ መንገድ አልጠፋም። ለሠርግ ወይም ለበዓል ጥለት መርጣ፣ ልኳን አስወስዳ፣ ቀብድ ከፍላ ያሠራች ሴት ልብሱ ቢጠባት ወይም ቢሰፋባት ወደ ሠሪው መልሳ ታስተካክላለች፤ ለእርሷ ማሳሰቢያው የተጻፈ አይመስልም። የሀገር ልብስ መስሎ በፋብሪካ ታትሞ ከውጭ የመጣውን ልብስ ከመደርደሪያ አንሥታ የገዛችው ግን የምትመለስበት ሠሪ የላትም። እንግዲህ የ1952ቱ ሕግና የ2006ቱ አዋጅ አዲስ ልማድ ከውጭ አምጥተው የተከሉ ተደርገው ቢታዩ ስሕተት ነው፤ ባለፈትሏ በመተዋወቅ ታገኘው የነበረውን ዋስትና ለማያውቀው ነጋዴ ገንዘቡን ለሚሰጥ ገዢ በጽሑፍ ለመተካት የተደረጉ ሙከራዎች ናቸው፤ የሚሠሩትም ደረሰኙ የመተዋወቅን ቦታ ሊይዝ በቻለበት መጠን ነው።