«ጠንቋዮቹን» የመራችው ሴት

ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. አበበ ቢቂላ ቶኪዮ ላይ ሁለተኛ የማራቶን ወርቁን ወሰደ። እኛ ያንን ኦሎምፒክ የምናስታውሰው በዚህ ነው። ጃፓናውያን ግን ይበልጥ የሚያስታውሱት ከሁለት ቀን በኋላ የሆነውን ነው።

ጥቅምት 13 ቀን ጃፓን በገዛ ስፖርቷ ተዋረደች። ክብደት በማይለይበት የጁዶ ምድብ ወርቁን ሆላንዳዊው አንቶን ሄሲንክ ወሰደው። ማታውን ሀገሩ በሙሉ ቴሌቪዥን ፊት ተቀመጠ። በሴቶች መረብ ኳስ ጃፓን ከሶቪየት ኅብረት ጋር ለወርቅ ልትጫወት ነው። የስርጭቱ ተመልካች 66.8 በመቶ ደረሰ።

የቡድኑ አምበል ካሳይ ማሳኤ ትባላለች። እ.ኤ.አ. በ1933 ያማናሺ ውስጥ ተወለደች። ተቀጥራ የምትሠራው ኒቺቦ በሚባል የጨርቃ ጨርቅ ኩባንያ ነበር። አብዛኞቹ የቡድን ጓደኞቿም ኦሳካ አቅራቢያ ካይዙካ ባለው የዚሁ ኩባንያ ፋብሪካ ሠራተኞች ናቸው። ቀን ሥራ፣ ከዚያ እስከ እኩለ ሌሊት ልምምድ። አሠልጣኙ ዳይማትሱ ሂሮቡሚ ከበርማ ጦር ግንባር በሕይወት የተመለሰ ወታደር ነው። መሬት ላይ ተንከባለው ኳስ እያነሱ ወዲያው እንዲቆሙ ያለ ርኅራኄ አሠለጠናቸው።

በ1961 አውሮፓን ዞረው ያገኙትን ሁሉ ሲያሸንፉ «የምሥራቅ ጠንቋዮች» የሚል ስም ወጣላቸው። በ1962 ሞስኮ ላይ ሶቪየቶችን በሜዳቸው ረትተው የዓለም ሻምፒዮን ሆኑ።

ካሳይ እዚያ ላይ ልታቆም አስባ ነበር። ዕድሜዋ 29 ደርሷል፤ በዚያ ዘመን የጃፓን ሴት በአማካይ በ24 ዓመቷ ታገባ ነበር። ነገር ግን መረብ ኳስ በቶኪዮ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ኦሎምፒክ ሊገባ ነው። ሕዝቡም «እንዳታቆሙ» እያለ ወተወተ። ካሳይ ትዳሩን አቆይታ ሁለት ዓመት ጨመረች።

በዚያች ምሽት ጃፓን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዙሮች 15 ለ11 እና 15 ለ8 አሸነፈች። በሦስተኛው 14 ላይ ስትደርስ አንዷ ነጥብ አልመጣ አለች፤ ሶቪየቶች እስከ 13 ተጠጉ። በመጨረሻ አንዲት ሶቪየታዊት እጇን ከመረቡ በላይ አሳልፋ ኳስ ስትነካ ጨዋታው አለቀ። ወርቁ የጃፓን ሆነ።

ታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚተረከው የዳይማትሱ ገድል ሆኖ ነው። መጽሐፍ ጻፈ፣ በ1968 የላይኛው ምክር ቤት አባል ሆኖ ተመረጠ። ዋጋውን በዕድሜዋ የከፈለችው ግን ካሳይ ናት። ከድሉ በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ሳቶ ኤይሳኩን ስታገኝ ማግባት እንደምትፈልግ፣ ግን ከወንድ ጋር የምትተዋወቅበት ጊዜ እንዳልነበራት ነገረቻቸው። ሳቶም ከአንድ የጦር መኮንን ጋር አስተዋወቋት፤ በ1965 ተጋቡ።

ነገሩ እንደ ቀልድ ይወራል። ቀልድ ግን አይደለም። አንዲት ሴት ወጣትነቷን ለሀገር ክብር ሰጥታ ስታበቃ፣ የራሷን ኑሮ ለመጀመር የመንግሥት መሪ ደጅ መጥናት ነበረባት።

ካሳይ ከዚያ በኋላም ከመረብ ኳስ አልራቀችም፤ እናቶችን ታሠለጥን ነበር። በ2013 በ80 ዓመቷ ዐረፈች። የሀገር ኩራት ሲቆጠር ሜዳሊያው ይቆጠራል። የተከፈለበት ዕድሜስ በማን ሂሳብ ይያዛል?