በሦስተኛ ማዕረግ የሄዱት

ባለፈው ከጥናት በኋላ ሻይ እየጠጣን ስለ ሜትሮ ስናወራ «አንቺ የድሬ ልጅ ነሽ፤ የኛን አገር ባቡር ታሪክ ጽፈሽ አምጪ» አላችሁኝ። እሺ ብዬ ገባሁበት። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ የመጣሁ እንጂ የታሪክ ምሁር አይደለሁም። ከትምህርት ቤት የማስታውሰውን፣ ማታ ሥራ ሲያልቅ ያነበብኩትንና አያቴ በስልክ የነገረችኝን ነው የጻፍኩት። ዓመተ ምሕረቱ በኛ አቆጣጠር ነው።

አፄ ምኒልክ የባቡር መንገድ እንዲሠራ ለስዊዛዊው መሐንዲስ ለሙሴ ኢልግ ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው፤ ከአድዋ ጦርነት ሁለት ዓመት በፊት። ሐሳቡ ትልቅ ነበር። ከጅቡቲ ተነሥቶ በሐረር በኩል እንጦጦ፣ ከዚያም ከፋን አልፎ እስከ ነጭ አባይ ሊደርስ ነበር የታቀደው። ሥራው በ1890 ከጅቡቲ ተጀመረ፤ ጅቡቲ ያኔ በፈረንሳይ እጅ ነበረች። የሐረርን ተራራ መውጣት ግን ከባድም ውድም ሆነ። ስለዚህ ሐዲዱ በ1895 ከተራራው ሥር፣ ሜዳው ላይ ቆመ። ድሬዳዋ እንዲህ ነው የተወለደችው። እኛ የድሬ ልጆች «ባቡር ነው የወለደን» የምንለው ለቀልድ አይደለም።

ከዚያ ኩባንያው ከሰረ፣ መንግሥታት በመሐል ተጨቃጨቁ፣ ሌላ የፈረንሳይ ኩባንያ ተረከበው። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው። ምኒልክ በ1906 አርፈዋል፤ ሲገባ አላዩትም። ጠቅላላው 784 ኪሎ ሜትር፣ ሃያ ዓመት ገደማ ፈጀ። ለገሃር የሚለው ስም ራሱ ከፈረንሳይኛው «ላ ጋር» የመጣ ነው፤ ጣቢያ ማለት ነው።

ይሄ ሁሉ በመጽሐፍ አለ። እኔን የገረመኝ ግን የተሳፋሪው ነገር ነው። በመጀመሪያዎቹ ዘመናት ባቡሩ ሌሊት አይሄድም ነበር፤ ከጅቡቲ አዲስ አበባ ለመድረስ ሦስት ቀን። አንዱን ሌሊት ድሬዳዋ፣ አንዱን አዋሽ ያድራሉ። አዋሽ ጣቢያው አጠገብ ያለው ቡፌ ለዚህ ነው ስሙ የተነሣው። ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ ከ2300 ሜትር በላይ ስለሚወጣ፣ በረሃው ላይ በሙቀት የተቀቀለ ሰው አዲስ አበባ ሲደርስ ብርድ ይይዘዋል። ቢሆንም ከባቡር በፊት ያው መንገድ በግመልና በበቅሎ ሳምንታት ይፈጅ ስለነበር ሦስት ቀን ተአምር ነው።

በጥቅምት 1923 ለአፄ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል የውጭ አገር እንግዶች የመጡት በዚሁ ባቡር ነው፤ እንግሊዛዊው ደራሲ ኢቭሊን ዋውም አብሮ ነበር፣ በኋላም ስለ ጉዞው ጻፈ። ከዚያ አምስት ዓመት ተኩል ገደማ በኋላ፣ ሚያዝያ 24 ቀን 1928፣ ንጉሡ ራሳቸው በዚያው ሐዲድ ወደ ጅቡቲ ወጡ፤ ከዚያ በእንግሊዝ የጦር መርከብ ወደ ኢየሩሳሌም። ጣሊያን አዲስ አበባ የገባው በሦስተኛው ቀን ነው። ያው መስመር ለዘውድም ለስደትም አገለገለ። እኛም ቦሌን እንዲሁ እናውቀው የለ? በአንዱ በር አበባ ይዘው ሲቀበሉ፣ በሌላው አልቅሰው ሲሸኙ።

አያቴ የኖረችው አፍደም ነው፣ በሚኤሶና በኤረር መሐል ባለች ትንሽ ጣቢያ። እሷ ስለ ንጉሥ አታወራም። የምታወራው ስለ ሦስተኛ ማዕረግ ነው፤ የእንጨት ወንበር፣ በወንበሩ መሐል ጆንያ፣ በጆንያው ላይ ሕፃን። ባቡሩ ፊሽካውን ከሩቅ ሲነፋ የተቀቀለ እንቁላልና ሻይ ይዛ ትሮጣለች፤ ሌሎቹ የፍየል ወተት፣ ብርቱካን፣ ውሃ። ተሳፋሪው በመስኮት ገንዘብ ይወረውራል፣ እሷ መልሱን እየሮጠች ታቀብላለች። «መልስ ሳልሰጥ ባቡር ያመለጠኝ የለም» ትላለች፤ እኔ እንኳ ትንሽ እጠራጠራለሁ። በታኅሣሥና በሐምሌ ወደ ቁልቢ ገብርኤል የሚሄደው ሰው ሲጨመርበት መቆሚያ አይገኝም ነበር።

ከድሬ ጅቡቲ የሚመላለሱት ነጋዴ ሴቶችስ! ልብሱን በላይ በላዩ ደርበው ለብሰው፣ ቀጭን ሄደው ወፍራም ይመለሳሉ። ፊናንስ ፉርጎው ውስጥ ሲገባ አንዷ የሌላዋን ዕቃ «የኔ ነው» ብላ ትደብቃለች። ሕጉን መጣስ ነው፣ አላሞግሰውም። ግን በዚያ ንግድ ስንት ልጅ እንደተማረ ድሬዳዋን ጠይቁ።

መከራም ነበረበት። በ1969 እና በ1970 በሶማሊያ ጦርነት መስመሩ ተቆረጠ። ጥር 1977 ደግሞ አዋሽ አጠገብ ባቡሩ ጠመዝማዛው ድልድይ ላይ ከሐዲዱ ወጥቶ ገደል ገባ፤ ከ400 በላይ ሰው አለቀ። አያቴ የምታውቃቸው ሰዎች ነበሩበት። ይሄን ስትናገር ስም አትጠራም፣ «እንቁላል የምትወድ ልጅ ነበረች» ብላ ዝም ትላለች።

ሐዲዱ አረጀ፣ ድልድዩ ደከመ፣ እኔ ትንሽ ልጅ ሳለሁ የአዲስ አበባው ባቡር መምጣት አቆመ። በከተማ ላለ ሰው አውቶቡስ አለ። አፍደም ግን ባቡር ሲቀር ገበያው ቀረ። እናቴ ወደ ድሬ መጣች፣ እኔ ደግሞ ወደዚህ። ሌላም ምክንያት አለው፣ ሁሉን በባቡር አላሳብብም፤ ግን አንዱ ምክንያት ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ።

ቻይናዎች የሠሩት አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በመስከረም 2009 ተመረቀ፤ ሰው ማመላለስ የጀመረው በ2010 ነው። በሦስት ቀን የሚያልቀው መንገድ ዛሬ በአንድ ቀን ያልቃል። ጣቢያዎቹ ግን ከከተማ ውጭ ናቸው፤ በትንንሾቹም እንደ ድሮው አይቆምም። ንጹሕ ነው፣ ይመቻል። ልክ እንደ ዱባይ ሜትሮ፤ እዚህማ ውስጡ ውሃ መጠጣት እንኳ 100 ድርሃም ያስቀጣል። (እናንተ ከሻርጃና ከአጅማን በአውቶቡስ የምትመጡትም ተጠንቀቁ።)

እኔ ወደ ዱባይ ስመጣ ከድሬ አዲስ አበባ የሄድኩት በዚሁ አዲስ ባቡር ነው። አያቴ ቀድማ ደውላ «ስታልፊ ወጥቼ አይሻለሁ» አለችኝ። አፍደም አካባቢ ስንደርስ ፊቴን መስታወቱ ላይ ለጥፌ እጄን አውለበለብኩ። ሩቅ ሰዎች ቆመው አየሁ፤ የቷ እሷ እንደሆነች አልለየሁም። ማታ ከቦሌ ስደውልላት መጀመሪያ የጠየቀችኝ «በየትኛው መስኮት ነበርሽ?» ብላ ነው። ነገርኳት። «እህ» አለች፣ «ድሮ ቢሆን እንቁላል አቀብልሽ ነበር።»