ማንበብና መነብነብ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ምእመናን ሆይ፤ ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ከኢየሩሳሌም ሲመለስ በሠረገላው ተቀምጦ የነቢዩን የኢሳይያስን መጽሐፍ ያነብ እንደ ነበር በግብረ ሐዋርያት ምዕራፍ 8 ተጽፏል። ፊልጶስ ቀርቦ የሚያነበውን ያስተውል እንደ ሆነ በጠየቀው ጊዜ፣ የሚመራው ከሌለ ማስተዋል እንደማይቻለው ሳያፍር ነገረው። ነቢዩ ስለ ማን እንደሚናገር ጠየቀ፤ ከጥያቄውም ወደ ጥምቀት ደረሰ።

በዚሁ መንገድ በእያንዳንዱ ቃል ላይ ቆመው የመረመሩ አባቶች ከሸዋ ምድር ወጥተዋል። አንኮበር የሸዋ መናገሻ በነበረችበት ዘመን የተነሡት መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የግእዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት መጻፍ ጀመሩ። ሳይፈጽሙት ስላረፉ ሥራው ለደቀ መዝሙራቸው ለአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ በአደራ ተላለፈ። እርሳቸውም ብዙ ዘመን ከደከሙበት በኋላ በ1936 ዓ.ም. ዐረፉ። አደራው ወደ ሦስተኛው ሰው፣ ወደ አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ አለፈ፤ መጽሐፉም በ1948 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ታትሞ ወጣ። ሁለቱ መምህራን የድካማቸውን ፍሬ ታትሞ ሳያዩ ሄዱ።

ይህን ያህል ድካም ስለ ምን አስፈለገ? በንጉሡ ሠ ሲጻፍ «ሠረቀ» ማለት ፀሐይ ወጣ፣ ብርሃን ታየ ማለት ነው፤ በእሳቱ ሰ ሲጻፍ ግን «ሰረቀ» የሌባ ሥራ ነው። «መሐረ» ይቅር አለ፣ «መሀረ» ደግሞ አስተማረ ማለት ነው። በችኮላ የሚሄድ አንባቢ ምሕረቱን ከትምህርቱ ሳይለይ ያልፋል።

የንባብ ቤታችንም ሥርዓት ይህንኑ ያስተምራል። ሕፃኑ ፊደልን ከለየ በኋላ በመልእክተ ዮሐንስ ይጀምራል። በመጀመሪያ በግእዝ ፊደሉን እየነጠለ፣ ቀጥሎ በውርድ ንባብ፣ በመጨረሻም በቁም ንባብ ያነባል። የሚነሣውንና የሚወድቀውን ቃል ሳይለይ ወደ ዳዊት አይሻገርም። እኛም በልጅነታችን ከጓደኞቻችን ቀድመን ለመጨረስ ስንሮጥ፣ መምህራችን ከመጀመሪያው ቃል መልሰው ያስጀምሩን ነበር። ያን ጊዜ ቅጣት መስሎን አዘንን፤ ዛሬ ግን በረከት እንደ ነበረ እናውቃለን።

ነገር ግን ካደግን በኋላ ችኮላው ተመልሶ መጣ። መዝሙረ ዳዊት 150 ነው፤ በዐሥር በዐሥሩ ተከፍሎ 15 ንጉሥ ይባላል። የዕለቱን ድርሻ እንደ ዕዳ ቈጥረን፣ ከንፈራችን እየሮጠ ልባችን በገበያና በእርሻ ሲዞር ስንት ቀን ደገምን! ይህን የምንናገረው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም፤ ካህናቱ እኛ ራሳችን ፊተኞች ተወቃሾች ነን። ዳዊት መድገም መልካም ነው፤ ያልሰማነውን ጸሎት እግዚአብሔር እንዲሰማልን መለመን ግን ምን ዓይነት ድፍረት ነው?

ስለዚህ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፤ ዛሬ ማታ ወንጌሉን ስትገልጡ ከአንዱ ቃል ላይ ቁሙ። አንድ ጊዜ ለጆሮ፣ ሁለተኛ ለልብ፣ ሦስተኛም ለነገው ሥራችሁ አንብቡት። ያልገባችሁን እንደ ጃንደረባው ሳታፍሩ መምህር ጠይቁ። ማንበብ የማይችሉ እናቶችና አባቶች ቢኖሩ፣ ልጁ ቀስ ብሎ ያንብብላቸው፤ ያስተዋለ ሰሚ ከሚነበንብ አንባቢ ይበልጣልና።

ቃሉን በልቡናችን ያሳድርብን። ወስብሐት ለእግዚአብሔር።