ባንዴ ወይስ በየዓመቱ? «አኑይቲ» እና አማርኛው

አገር ውስጥ ሎተሪ የደረሰው ሰው በአከፋፈሉ አይጨነቅም። ብሔራዊ ሎተሪ በ1954 ዓ.ም. የተቋቋመ አንጋፋ ድርጅት ነው፤ ትኬቱን ይዞ የቀረበ ባለዕድል ግብሩ ይቀነስና የቀረውን ባንዴ ይወስዳል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ከዕድል ጨዋታ በተገኘ ገንዘብ ላይ 15 በመቶ እንዲቆረጥ፣ ከ1,000 ብር በታች የሆነው ግን እንዲታለፍ ደነገገ። ጭንቀቱ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው፤ ቤት ልግዛ፣ መኪና ልግዛ፣ ለማን ልንገር።

ሌላው ጥያቄ የሚመጣው ከባሕር ማዶ ነው። አሜሪካ ወንድም ወይም እኅት ያለው ላሊበላዊ በስልክ «እዚህ የሁለት ቢሊዮን ሎተሪ ወጣ» ሲሉት ይሰማል። እውነትም እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2022 ካሊፎርኒያ ውስጥ በተሸጠ አንድ የፓወርቦል ሎተሪ ትኬት 2.04 ቢሊዮን ዶላር ወጥቷል። አሸናፊው የመረጠው ጥሬ ገንዘብ ግን 997.6 ሚሊዮን ነበር፤ እሱም ግብር ሳይነሣለት። «ግማሹን ማን በላው?» የማይል የለም። ማንም አልበላውም፤ ሁለቱ ቢሊዮን መጀመሪያም ካዝና ውስጥ አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሸናፊው ለዕጣው የተሰበሰበውን ገንዘብ ባንዴ መውሰድ ይችላል። ካልፈለገ በዚያው ገንዘብ የመንግሥት ቦንድ ይገዛለትና ከነወለዱ በ29 ዓመት ውስጥ በ30 ክፍያ ይቀበላል፤ እያንዳንዱ ክፍያ ካለፈው በ5 በመቶ ይበልጣል። በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የሚያብለጨልጨው ቁጥር የሠላሳዎቹ ክፍያዎች ድምር ነው። የዚያ ዓመቱ ዕጣ በዚህ መንገድ ቢከፈል የመጀመሪያው ክፍያ 30.7 ሚሊዮን ገደማ፣ የመጨረሻው ደግሞ 126 ሚሊዮን ገደማ ይሆን ነበር። የወለድ ተመን ሲወደድ ያው ጥሬ ገንዘብ የበለጠ ስለሚወልድ፣ አንድም ትኬት ሳይጨመር የማስታወቂያው ቁጥር ያብጣል። ስለዚህ ዘመድዎ ቢሊዮን ሲያወሩ «ባንዴ ሲወሰድ ስንት ነው?» ብለው ይጠይቁ።

ይህ ሁለተኛው አከፋፈል በባንክና በኢንሹራንስ ቋንቋ «አኑይቲ» ይባላል፤ በተወሰነ ጊዜ ልዩነት ተከታትሎ የሚመጣ፣ መጠኑ አስቀድሞ የታወቀ ክፍያ ማለት ነው። ስሙ ዓመት ከሚለው የላቲን ቃል ይምጣ እንጂ በየወሩ የሚከፈለውም አኑይቲ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በብሪታንያ የተጀመረ አንድ ሎተሪ ለአንደኛ ዕጣ 10,000 ፓውንድ በየወሩ ለ30 ዓመት ይከፍላል።

አማርኛው ምን ይሁን? የጡረታ ሕጋችን ልዩነቱን ከሠራበት ቆይቷል። ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎ ለጡረታ የደረሰ ሠራተኛ በየወሩ አበል ያገኛል፤ ያን ያህል ያላገለገለ ዳረጎት ተሰጥቶት ይሸኛል። ሁለቱም ቃላት ግን ሌላ ሥራ አለባቸው። አበል የመስክ ሠራተኛው የውሎ አበልም ነው፤ ዳረጎት ደግሞ የጉርሻ መልክ አለው። ድርጎ የሚለውን ያሰበ ሰው ሊኖር ይችላል። ድርጎ ከቤተ መንግሥት ለእንግዳና ለመልክተኛ፣ በገዳም ለመነኮሳት ይሰፈር የነበረ ነው፤ ገዳማት ለበዙበት ለላስታ ሰው ባዳ ቃል አይደለም። ሆኖም ድርጎ የሰጪው ፈቃድ ነው፤ ሰጪው ሲቀየም ይቀራል። እኔ የምመርጠው ተቆራጭን ነው። ወታደሩ ሲዘምት ለሚስቱ፣ ከተማ የገባው ልጅ ለእናቱ ከደመወዙ ላይ በየወሩ ተቆራጭ ያደርጋል። ገንዘቡ ባለቤት አለው፣ ልኩ ይታወቃል፣ ቀኑም ይታወቃል። እንግዲህ አኑይቲን ተቆራጭ፣ ባንዴ የሚወሰደውን ጥቅል ክፍያ ብንለው የሚቸገር አንባቢ ያለ አይመስለኝም።

በሁለቱ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ዕቁብ ለሚጥል ሰው አዲስ አይደለም። ሃያ ሰው በየሳምንቱ 5,000 ብር ይጥላል እንበል፤ ዕጣው 100,000 ብር ነው። መጀመሪያ የወጣለትም መጨረሻ የወጣለትም የሚቀበለው እኩል ነው። ሆኖም ዳኛው የተጠቀለለውን ወረቀት ፈትቶ ስም ሲጠራ፣ ልጁን ሊድር የተቸገረው አባል ባለዕጣውን ወደ ጥግ ወስዶ «ሽጥልኝ» ይለዋል። አምስት ሺህ ቀንሶለት ተራውን ይወስዳል፤ ሻጩ አምስት ሺውን ኪሱ ከትቶ የገዢውን ተራ ይጠብቃል። ያ አምስት ሺህ የጊዜ ዋጋ ነው። አሜሪካም ዕጣ ገዢ አለ። አንዳንድ ግዛቶች ፍርድ ቤት ሲፈቅድ አሸናፊው የቀሩትን ዓመታዊ ክፍያዎች ቅናሽ አድርጎ ለኩባንያ እንዲሸጥ ይፈቅዳሉ። ኩባንያዎቹ ገበያቸው የሚደራው የተቸገረ ሻጭ ሲያገኙ ነው።

በብር እናስላው። አንድ ሎተሪ «30 ሚሊዮን» ብሎ አስነግሮ ከዛሬ ጀምሮ በየዓመቱ አንድ ሚሊዮን ለ30 ዓመት የሚከፍል ቢሆን፣ በ7 በመቶ ወለድ ሲታሰብ ያ ሁሉ ዛሬ ባንዴ 13.3 ሚሊዮን ገደማ ያወጣል። ወለዱ 15 በመቶ ከሆነ ወደ 7.6 ሚሊዮን ገደማ ይወርዳል። ዋጋ በየዓመቱ በ20 በመቶ ቢንር ደግሞ ከአሥር ዓመት በኋላ የሚመጣው አንድ ሚሊዮን የሚገዛው ዛሬ በ161 ሺህ ብር የሚገዛውን ያህል ብቻ ነው። ይህ ማስፈራሪያ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ግድም የነበረው አንድ ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከመቶ ብር አልፏል።

የላስታ ገበሬ ንረት ተቆራጭን ሲበላ ያየው በሎተሪ ሳይሆን በሴፍቲኔት የምግብ ዋስትና ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር እርከን እየሠራ፣ መንገድ እየጠረገ ለሚውል ሰው የቀን ክፍያው 6 ብር ወይም በምትኩ እህል ነበር። በ2000 ዓ.ም. የእህል ዋጋ ሲሰቀል ብሩ ወደ 8 ከፍ ቢልም ገበያውን አልደረሰበትም፤ ብር ይሻለናል ይሉ ከነበሩት ተጠቃሚዎች ብዙዎቹ እህል ይሰፈርልን ወደ ማለት ዞሩ። እህሉ ተቆራጭ ነው፣ ብሩም ተቆራጭ ነው። አንደኛው ከዋጋ ጋር አብሮ ይወጣል፤ ሌላው ባለበት ይቀራል። በፓወርቦል ያለው የ5 በመቶ ጭማሪም የተበጀው ለዚሁ ነው።

በተቃራኒው፣ ተቆራጭ ወደ ጥቅል ክፍያ የሚለወጥበት ቦታ መሬት ነው። ማሳ በየዓመቱ ገብስና ጤፍ ይሰጣል፤ መንግሥት ለልማት ሲወስደው የዓመቱ ምርት ተባዝቶ ባንዴ በብር ይከፈላል። በ1997ቱ አዋጅ ቁጥር 455 ብዜቱ 10 ነበር፤ የተሰላውም ባለፉት አምስት ዓመታት አማካይ ገቢ ነው። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ወደ 15 አሳደገው፣ መነሻውንም ከሦስት ዓመት ውስጥ ከፍተኛውን ገቢ አደረገ። ሕግ አውጪው ወለድ የሚባል ቃል አላነሣም፤ ነገር ግን ማለቂያ የሌለው ምርት በ10 ሲባዛ 10 በመቶ ወለድ፣ በ15 ሲባዛ 6.7 በመቶ ገደማ ታስቧል ማለት ነው። ብዜቱ በጨመረ ቁጥር ለገበሬው ይደላል። ላሊበላ ከተማ ላይም በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ከአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ የተነሡ ነዋሪዎች ወደ ኩራኩር ሲዛወሩ ካሳ ተከፍሏል። የቤት ግድግዳና ጣሪያ ይገመታል። ለገና ከሚመጣው ምዕመን ጠላ በመሸጥ፣ መደብ በማከራየት ይገኝ የነበረው በየዓመቱ የሚደጋገም ገቢ ግን በየትኛው ብዜት ይሰላል?

ተቆራጭ ከፋዩን ያህል ብቻ ነው የሚታመነው። ላሊበላ ራሷ ለዓመታት በተቆራጭ ስትኖር ነበር ማለት ይቻላል። የውጭ ጎብኚ መግቢያ በ2005 ዓ.ም. 50 ዶላር ሲገባ፣ አስጎብኚው፣ ባለበቅሎው፣ ባለሆቴሉ ነገም ይመጣል ብለው አቅደዋል፤ ተበድረውም ሠርተዋል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና መጣ፣ በ2013 ክረምት ጦርነቱ ከተማዋ ውስጥ ገባ፤ ከፋዩ ቀረ። የፓወርቦል ተቆራጭ ከመንግሥት ቦንድ ጋር መታሰሩ ለዚህ ነው፤ ጎብኚ ግን በቦንድ አይታሰርም።

እንግዲህ ምርጫው ቢመጣ? በዶላር ከሆነ፣ በየዓመቱም ከፍ የሚል ከሆነ፣ ብዙ ገንዘብ ይዞ ለማያውቅ ሰው ተቆራጩን እመክራለሁ። የሒሳብ ሊቃውንት ባንዴ ወስደህ ራስህ አውለው ይላሉ፤ በወረቀት ላይ ትክክል ናቸው። በወረቀት ላይ ያልተጻፈው በር ላይ የሚቆመው ነው። ገንዘቡ የተሰማ ዕለት ለተዝካር የጎደለው አጎት ይመጣል፣ የደብሩ የሕንጻ ኮሚቴ ይመጣል፣ አሥር ዓመት ያልተያዩት አብሮ አደግ «ወንድም ዓለም፣ እግዜር ለኛም ሰጠን እኮ» ብሎ ይመጣል። «የዘንድሮው አልቋል፣ የሚመጣውን ዓመት እንይ» የሚል መልስ ያለው ባለተቆራጩ ብቻ ነው። በብር፣ ያለ ጭማሪ ከሆነ ግን አላመነታም፤ ባንዴ ተቀብሎ ወደ ቤት ወይም ወደ ንግድ መለወጥ ነው፤ ዘመድ የሚወስደው የዋጋ ንረት ከሚወስደው ያነሰ ነው።

አንድ ነገር ይቀራል። ተቆራጭ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። የጡረታ አበል የዕድሜ ልክ ነው፤ ጡረተኛው ሲሞት ለባል ወይም ለሚስት የአበሉ 50 በመቶ፣ ለልጅ 20 በመቶ ይተላለፋል። የፓወርቦሉ የሚቆጥረው ክፍያ እንጂ ዕድሜ አይደለም፤ አሸናፊው ሦስት ተቀብሎ ቢሞት የቀሩት 27 ክፍያዎች ለወራሾቹ ይሄዳሉ። የኢንሹራንስ ኩባንያ አኑይቲ ሲሸጥ ሁለቱንም ዓይነት ይሸጣል፤ ዕድሜ ልኩን የገዛ ሰው በማግስቱ ቢሞት፣ ውሉ ላይ ስለ ወራሽ ካልተጻፈ፣ ገንዘቡ ኩባንያው ዘንድ ይቀራል።