የተቋም ቀለም በጨረታ ሰነድ ውስጥ፦ ከሐዋሳ አንጻር

ሐዋሳ ውስጥ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክን ቅርንጫፍ ለመለየት ታፔላውን ማንበብ አያሻም፤ ሐምራዊው ይበቃል። ይህ መታወቂያ ግን በቀላሉ የሚገኝ አይደለም፤ ሐምራዊ ለኅትመት አስቸጋሪ ከሆኑት ቀለሞች አንዱ ነውና። በስክሪን ላይ የደመቀው በአራቱ የማተሚያ ቀለሞች ሲወጣ ይደበዝዛል፤ ማጀንታው ጥቂት ካነሰ ደግሞ ወደ ሰማያዊ ይሸሻል። ባነሩ ከተሰቀለ በኋላ ፀሐይ ትቀጥላለች። በርካሽ ቀለም ላይ ቢጫውና ማጀንታው ቀድመው ስለሚለቁ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ባለች ከተማ በብርሃን ፊት የሚውል ባነር ውሎ አድሮ መስሎ የሚታየው ሌላ ተቋምን ነው። ስለዚህ «ሐምራዊ» የሚለው ስም ብቻውን የሚወስነው ነገር የለም። ፓንቶን የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1963 ለየቀለሙ ቁጥር መስጠት የጀመረውም አታሚና አሳታሚ በስም መግባባት ስላልቻሉ ነው።

የእኔ መከራከሪያ፣ የቀለም ወጥነት የሚጠበቀው ወይም የሚፈርሰው በዲዛይነሩ ጠረጴዛ ሳይሆን በግዢ ክፍል ነው የሚል ነው። ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ በ1992 ዓ.ም. የተመሠረተው በሐዋሳ፣ በወንዶ ገነትና በዲላ የነበሩ ኮሌጆችን በማዋሐድ ነው። እንዲህ በተለያየ ቦታ የሚሠራ ማንኛውም ተቋም ታፔላ፣ ባነር፣ ጋውንና መታወቂያ የሚያሠራው በተለያየ ጊዜ፣ በተለያየ ጨረታ ነው። ሰነዱ «ሰማያዊ» ብቻ ካለ፣ ዝቅተኛ ዋጋ አቅርቦ ያሸነፈው ሁሉ የራሱን ሰማያዊ ያቀርባል፤ የታዘዘውን ስላቀረበም ርክክብ ላይ የሚመልሰው የለም። («ደማቅ ሰማያዊ» የሚለው ማብራሪያ ከነጭራሹ ባይጻፍ ይሻላል።) መፍትሔው ለወረቀት፣ ለብረት ቅብና ለጨርቅ የተለያየ ቁጥር በሰነዱ ማስፈር፣ የጸደቀ ናሙና በንብረት ክፍል ማስቀመጥና ዕቃው ሲገባ ከናሙናው ጋር በቀን ብርሃን ማስተያየት ነው።

አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ የሁሉም ሆነው ሳለ ቀለም እንዴት መለያ ይሆናል የሚል ተቃውሞ ይነሣል። በ1938 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ አየር መንገድ የሚጠቀመው እነዚህኑ ቀለሞች ነው፤ አውሮፕላኑን የሚለየው በጅራቱ ላይ የሚያርፉበት ቦታና መጠን ነው። የወጪው ተቃውሞ ደካማ ነው፤ በሰነድ ላይ ቁጥር መጨመር ገንዘብ አይጠይቅም። ክብደት ያለው ሦስተኛው ነው፦ የተመረጠው ቀለም በአካባቢው የቀለም መደብር ካልተገኘ ቁጥሩ ከንቱ ነው። ይህን እቀበላለሁ። ሲዳማ በ2012 ዓ.ም. ክልል ከሆነ ወዲህ በሐዋሳ አዲስ ታፔላ የሚያሠሩ መሥሪያ ቤቶች ዓርማ ከማስነደፋቸው በፊት የከተማው ቀለም ሻጮች ሳይዛነፍ ደጋግመው መቀመም የሚችሉትን ቀለም ቢጠይቁ፣ ምርጫቸው ቢጠብም ውሳኔያቸው ይጸናል።