የከበሩ ድንጋዮች ስምና የትውልድ አገራቸው

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የከበሩ ድንጋዮችን ስም ግን ብዙውን ጊዜ ያወጣው ነጋዴ ነው። ነጋዴም ስም ሲያወጣ የሚያስበው ድንጋዩ የተቈፈረበትን ጕድጓድ ሳይሆን ገዢውን ነው። ስለዚህ በአንድ ድንጋይ ላይ የአገር ስም ተጽፎ ባየን ጊዜ፥ ያ ስም የተገኘበትን ስፍራ ያመለክታል ብለን ወዲያው ማመን አይገባንም። ከታሪክ እንደምንረዳው የአገር ስም በድንጋይ ላይ ሦስት ልዩ ልዩ ትርጕም ሲይዝ ኖሯል፤ ይኸውም አንደኛ የተቈፈረበት ስፍራ፥ ሁለተኛ የተሸጠበት ገበያ፥ ሦስተኛ የጥራቱ ማዕርግ ነው። እነዚህን ሦስቱን በየተራቸው እንመልከት። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ድንጋይን በተገኘበት ስፍራ መጥራት የጥንት ልማድ ነው። የግሪኩ ሊቅ ቴዎፍራስጦስ፥ ዛሬ አጌት የሚባለው ድንጋይ ስሙን ያገኘው በሲሲሊያ ካለው ከአካቴስ ወንዝ መሆኑን ጽፏል። የሮማው ጸሐፊ ፕሊኒ ደግሞ በቀይ ባሕር ውስጥ ቶጳዞስ የምትባል ደሴት እንዳለች፥ በጉም ስለምትሸፈንም መርከበኞች ብዙ ጊዜ ይፈልጓት እንደ ነበር ይተርካል። ቶጳዝዮን የሚለው ስም ከዚህች ደሴት ጋራ የተያያዘ ነው። ስሙ ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ በመጽሐፈ ኢዮብ ምዕራፍ 28 የኢትዮጵያ ቶጳዝዮን ተጠቅሷል። ነገር ግን ሊቃውንት ያች ደሴት ናት ከሚሏት ከዘበርገድ የሚወጣው አረንጓዴ ድንጋይ፥ ዛሬ ፔሪዶት የሚባለው ነው እንጂ ዛሬ ቶጳዝዮን የሚባለው አይደለም። ስሙ ደሴቲቱን ትቶ ወደ ሌላ ድንጋይ ተሻገረ ማለት ነው።

ሁለተኛው ዓይነት ስም የገበያ ስም ነው። ቱርኩዝ የሚባለው ሰማያዊ ድንጋይ በፈረንሳይኛ ትርጕሙ የቱርክ ማለት ነው። ይሁን እንጂ የታወቀው ማዕድኑ የሚገኘው በፋርስ አገር በኒሻፑር አጠገብ ነበር፤ ወደ አውሮፓ የገባው በቱርኮች አገር በኩል ስለ ሆነ ብቻ በእነርሱ ስም ተጠራ። የሕንድ አልማዝም እንደዚሁ ነው። ጎልኮንዳ በግንብ የታጠረች ከተማና የአልማዝ መገበያያ ነበረች፤ አልማዙ ግን የሚቈፈረው እንደ ኮሉር ባሉ ከእርሷ ርቀው በሚገኙ ስፍራዎች ነበር። የሸጠው ሲታወስ የቈፈረው ተረሳ።

አንዳንድ ጊዜም የአገሩ ስም ከቀለሙ ስም ይልቅ እውነተኛ ሆኖ ተገኝቷል። በመካከለኛው ዘመን ከባዳኽሻን የሚመጣውን ቀይ ድንጋይ ነጋዴዎች ባላስ ሩቢ ይሉት ነበር። በ1783 ፈረንሳዊው ሊቅ ሮሜ ደ ሊል ስፒኔል የሚባለው ድንጋይ ከሩቢ የተለየ መሆኑን አስረዳ፤ ያ የባዳኽሻን ድንጋይም ስፒኔል ነው። በእንግሊዝ ንጉሣዊ ዘውድ ላይ ያለው የጥቁሩ ልዑል ሩቢ የሚባለው ትልቅ ድንጋይ ሳይቀር ስፒኔል ነው። በሌላ በኩል ደግሞ እውነተኛ የአገር ስም ሐሰተኛ የድንጋይ ስም ሲሸፍን ይታያል። የኬፕ ሩቢ እና የቦሄሚያ ሩቢ ተብለው የተሸጡት ድንጋዮች ከተባሉት አገሮች መምጣታቸው እውነት ቢሆንም፥ ጋርኔት እንጂ ሩቢ አልነበሩም።

ሦስተኛው የማዕርግ ስም ነው። በ1881 ገደማ በካሽሚር፥ ፓዳር በሚባል አውራጃ፥ 4,500 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ተራራ ላይ መሬት ተንዶ ሰማያዊ ሰንፔር ተገለጠ። መልካሙ ድንጋይ በብዛት የወጣው ግን እስከ 1887 ድረስ ብቻ ነበር። ማዕድኑ ቢነጥፍም ስሙ አልነጠፈም። እንደ ከፋይ ያለ ልስላሴ ያለውን ሰማያዊ ሰንፔር ሁሉ፥ ከየትም ይምጣ ከየት፥ ካሽሚር ብለው የሚጠሩ ነጋዴዎች ተነሡ። እንዲህ ሲሆን የአገር ስም መወደሻ ሆነ ማለት ነው።

በሁለት ተመሳሳይ ድንጋዮች መካከል የትውልድ አገር ብቻ ታላቅ የዋጋ ልዩነት ስለሚያመጣ፥ ገዢዎች ከነጋዴ ቃል የበለጠ ማስረጃ ፈለጉ። ስለዚህ የከበሩ ድንጋዮች መመርመሪያ ላቦራቶሪዎች የትውልድ አገርን የሚገልጽ ወረቀት መስጠት ጀመሩ። መርማሪዎቹ በማይክሮስኮፕ በድንጋዩ ውስጥ የታሰሩትን ጥቃቅን ነገሮች ያያሉ፤ በውስጡ ያሉትንም ንጥረ ነገሮች በመሣሪያ ይለካሉ። ለምሳሌ የኮሎምቢያ መረግድ ፈሳሽ፥ የጋዝ አረፋና የጨው ክሪስታል በአንድነት የያዙ ጥቃቅን ክፍተቶች በውስጡ ስላሉት ይታወቃል። ሆኖም ይህን የመሰለ ምልክት በአፍጋኒስታን መረግድም ውስጥ ታይቷል። ስለዚህ ወረቀቱ የሊቃውንት አስተያየት ነው እንጂ እንደ ልደት ምስክር ወረቀት የማያጠራጥር አይደለም።

የአፍሪካም ድንጋዮች በዚህ ታሪክ ውስጥ ድርሻ አላቸው። በ1967 በታንዛኒያ በሜሬላኒ ኮረብታዎች የተገኘውን ሰማያዊ ዞይሳይት፥ የኒው ዮርኩ ቲፋኒ ኩባንያ በ1968 ታንዛናይት ብሎ ሰየመው። ታንዛኒያ የሚለው የአገሩ ስም ራሱ የወጣው በ1964 ስለ ሆነ፥ አገሩና ድንጋዩ በአንድ ዘመን ስም አገኙ ማለት ይቻላል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ በ1990ዎቹ መጀመሪያ በሸዋ፥ በመንዝ በኩል በመዘዞ ኦፓል ተገኘ። ቀለሙ ያማረ ቢሆንም ብዙው የሚሰነጠቅ ስለ ሆነ በገበያ ተጠረጠረ። በ2008 ደግሞ በወሎ፥ በደላንታ፥ በወገል ጤና አጠገብ ሌላ ኦፓል ተገኘ። ይህኛው አብዛኛውን ጊዜ ነጣ ያለ ነው፤ ውኃ ሲጠጣ ብርሃን አስተላላፊ ይሆናል፤ ሲደርቅም ወደ ቀድሞ መልኩ ይመለሳል። ሁለቱን የኢትዮጵያ ኦፓል ብሎ በአንድ ስም መጥራት ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን የመዘዞውን ጕድለት በወገል ጤናው ላይ የሚጭን፥ በቂ ያልሆነ እውነት ነው። የወሎ ኦፓል የሚለው ስም በዓለም ገበያ ሲታወቅ ሁለቱን መለየት ተቻለ።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የምንማረው ምንድን ነው? ስም ሰፊ በሆነ መጠን ብዙ ይሸፍናል፤ ጠባብና ትክክለኛ በሆነ መጠን ግን ገዢውን ከመታለል፥ ቈፋሪውንም ከመረሳት ያድነዋል። ደላንታ ገደል ላይ ዋሻ ምሶ ኦፓል የሚያወጣው ገበሬ ስሙ በመስኮት ውስጥ ከሚያበራው ቀለበት ጋራ አይጻፍለትም፤ ቢያንስ የቀዬው ስም በትክክል ሊጻፍለት ይገባል። ይህንም ለማድረግ መልካም ፈቃድ ብቻ አይበቃም፤ ድንጋይን ከድንጋይ የሚለይ ዕውቀት ያስፈልጋል። የኬሚስትሪና የመሬት ጥናት ትምህርት ለፈተና ብቻ የምናጠናው እንዳልሆነ፥ የአገርን ሀብት በስሙ ለመጥራትም የሚያበቃ መሆኑን እኛ ተማሮች ልናስተውል ይገባናል።